ሁለት ዓምድ

አባቴ ጎምቦ ምድጃ ሠሪ ነው፤
ከኡላንባታር በላይ፣ ዳገቱን ቧጥጦ በወጣው ሰፈር፣
በየሱፍ ድንኳኑ መሐል ተገትሮ የሚያድር፣
ጭሱን በጣራው ቀዳዳ የሚተፋ ብረት፣
ከቀኝ እጁ አንድ ጣት ያስከፈለው፣ ጆሮውን የደፈነው፣
እሱ የወለደው ነው።
እኔ የምድጃው ታናሽ ነኝ።

በጥር፣ ወተት እንደ ጡብ ረግቶ በጆንያ ሲሸጥ፣
ምስማር በባዶ እጅ ቢነኩት ቆዳ ሲልጥ፣
የድንጋይ ከሰል ይነዳል። ምን ይደረግ ታዲያ፣
እሳት ከሰል ካልበላ ብርድ ሰው ይበላል፤
ጭሱም አይሄድም፤ ቦግድ ተራራ ከወዲህ፣ ኮረብታው ከወዲያ፣
ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶ ይውላል።

ሐኪሟ ክንዱን በጨርቅ አስራ ነፋችው፤
መቶ ስድሳ ስምንት በዘጠና ስድስት።
«ደም ግፊት ነው፤ ጨው ይተዉ» ብላ ሸኘችው።
ተወ።
የወተት ሻይ ያለ ጨው ለአባቴ
ፈረስ የሌለው ኮርቻ ነው፤ ቢሆንም አርባ ቀን
ፊቱን አጨማዶ ጠጣው።
ቁጥሩ ግን ካለበት አልነቃነቅ አለ፤
ጨው ተሰደደ እንጂ ግፊቱ መች ጎደለ።

እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ።
በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ
አየር የምትቆጥር ነጭ ሣጥን አለች።
አቧራ አይደለም የምትቆጥረው፤ አቧራስ ያስነጥሳል፣ ሲያብሱት ይነሳል።
ሌላውን ነው፤ ከአንዲት ጠጉር ሠላሳ እጅ የቀጠነውን፣
አፍንጫ የማያጠልለውን፣ ሳል የማይመልሰውን፣
ደጅ ሳይጠና ሳንባን አልፎ
ደም ውስጥ ጎጆ የሚቀልሰውን።

ደብተር ገዛሁ። መሐሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት፤
በግራ የሰማዩን፣ በቀኝ የአባቴን ቁጥር እየጻፍኩ ሞላሁት።
ግራው ሽቅብ ሲል፣ ቀኙ በማግሥቱ ሽቅብ፤
ነፋስ መጥቶ ከቱል ወንዝ ጭሱን ሲጠርገው፣
ቀኙም ቀስ ብሎ፣ እየተንገዳገደ፣ እየወረደ፣
አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ሳይሰማ በራሱ መንገድ እየሄደ።
አባቴ አየውና፣ «ሁለት ፈረስ ናቸው» አለ፤
«የአንዱ ልጓም ከሌላው ጭራ የተንጠለጠለ።»
«ማስረጃ አይሆንም» አልኩት፤ «አንድ ሰው፣ አንድ ደብተር።
ብርዱም ራሱ የደም ሥር ያጠብባል።»
ዝም አለ። ዝም ብሎ ምድጃውን አየ።
«ልብ አላልኩም ነበር» አለ በመጨረሻ።
ልብ ግን ብሎ ነበር፤
ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በየምቱ፣ ብሎ ነበር።

ያን ማታ ምድጃውን አላቀጣጠለም።
የበግ ቆዳ ካባውን ደርቦ፣
ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣
ከቀዝቃዛው ብረት ፊት ለፊት ተቀመጠ፣
ልጁን እንደተቀየመ አባት።
ሲነጋ ለካሁት።
ቁጥሩ ብሶ ነበር።
የጎረቤታችን የዳሪማ ጭስ፣ ከእሷ ወዲያ የእነ ቱመን፣
ከእነሱ በላይ ደግሞ ከብቱ በበረዶ ያለቀበት፣
ስሙን እንኳ የማላውቀው አዲስ ገብ፣
ሁሉም በበሩ ስንጥቅ ገብተው ከእኛው ጋር አድረዋል።
የሁሉም ምድጃ የአባቴ እጅ ሥራ ነው።

«ሦስተኛ ዓምድ አስምሪልኝ» አለ።
«ስንት እንደሠራሁ እንጻፍ።»
በዘጠኝ ጣቱ መቁጠር ጀመረ፦
የዳሪማ እናት፣ በጉ ያለቀ ዓመት፣ በአንድ ፍየል።
ቱመን፣ ሲያገባ፣ በነጻ።
መንታዎቹ ዘበኞች፣ ግማሹ ዕዳ እስከ ዛሬ ያልተከፈለ።
መቶ አሥራ አራት ላይ ሲደርስ በሩ ተንኳኳ፤
የዳሪማ ትንሿ ልጅ፣ ሽፋሽፍቷ በረዶ፣ በእጇ አካፋ፣
«እናቴ ፍም ስጡን ብላለች፤ እሳታችን ጠፋ።»

ፍም አልነበረንም።
አባቴ ተንበረከከ። ክብሪት ጫረ።
ከሰሉ እስኪይዝ ድረስ እየነፋ፣ እየሳለ፣
በአንድ እጁ ልጅቷን ወደ ሙቀቱ እየሳበ።

እኔ የክንዱን ጨርቅ እንደያዝኩ ቆምኩ።
ኋላ ደብተሩን ሳብ አድርጌ
መቶ አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ፦
የእኛን።